በትንፋሽ የዘመርንባቸው ዓመታት

ባለፈው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ተከበረና «አረጋውያን ከፊት ይቀመጡ» ተብሎ እኔን ወስደው ቁም ሳጥን ከሚያህል ድምፅ ማጉያ አጠገብ ጎለቱኝ። አከበሩኝ መሰላቸው። ልጆቹ ኪቦርዱን ገና ሲነኩት ደረቴ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ከበሮው ሲጨመርበትማ ወንበሩም ከኔ ጋር መዝለል ጀመረ። ጆሮዬን በነጠላ ስሸፍን ያየች ከጎኔ የነበረች ልጅ «እማማ ዘነቡ፣ ዝማሬ አይወዱም እንዴ?» አለችኝ። ወይ ጉድ! ዝማሬ አይወዱም ወይ ተባልኩ፣ እኔ ዘነበች! ልመልስላት ነበር፣ ግን በዚያ ጩኸት መሃል ማን ሊሰማኝ? ፈገግ አልኩላትና ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ። ናዝሬት በሁሉ አፍ ናዝሬት ወደምትባልበት፣ እኛም ስንዘምር ድምፃችን ከጥርሳችን እንዳያልፍ ወደምንጠነቀቅበት ዘመን።

ያቺን ናዝሬት ላላየ ሰው አዝናለሁ። ፀሐዩ ያው ነው፣ አቧራውም ያው ነው፣ ነፋሱም ቀሚስ መግለብ ያኔም ልማዱ ነበር። መንገዱ ግን የጋሪ ነበር። በስሙኒ ጋሪ ላይ ወጥቶ ከባቡር ጣቢያው እስከ ፍራንኮ ሰፈር እየተንጎማለሉ መሄድ ነው፣ ፈረሱም ባለጋሪውም አይቸኩሉም። ጓሮው ፓፓያ የሌለበት ሰው ሰነፍ ይባል ነበር። ጎረምሳው ቴትሮን ሱሪውን ከታች እንደ ደወል አስፍቶ፣ አፍሮውን አበጥሮ ፖስታ ቤቱ ጥግ ይቆማል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ በናይለን ሻሽ ጸጉራችንን ሸፍነን እንዳላየ ሰው እናልፋለን፣ አይተን ግን ነው። እሑድ ገንዘብ ያለው ለመዋኘት ወደ ሶደሬ ይወርዳል፣ እኛ ወደ ጸሎት ቤታችን። ጸሎት ቤታችን የጭቃ ቤት ነበር። ጭቃውን ያቦካነው እኛው መዘምራኑ ነን፤ እግራችን እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ሆኖ እየዘመርን ስንረግጠው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቅብን ነበር። የመዘምራኑን ሰማያዊ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ ስላልበቃ የወፍራሞቹን ጎን በሌላ ሰማያዊ ቀጠልኩት፤ ከሩቅ አይታወቅም።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን የሚለውን የተማሩት ይጻፉት። እኔ የማውቀው አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ወንበሩን አውጥተው በሩን ማሸጋቸውን ነው። ሰነባብቶ ቤቱን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አደረገው። መድረካችን ላይ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ገባ፤ ሕፃናት የሚማሩባት ትንሿ ክፍል ደግሞ እስር ቤት ሆነች። የኅብረት ሱቁ ከፊት ለፊቱ ስለነበር ለስኳርና ለሳሙና ስሰለፍ የማየው እሱኑ ነው። ላለማየት አቀርቅሬ ኮንጎ ጫማዬን ሳጠና እውል ነበር። «ጸረ ማርያም» እየተባልን ከዚህም ከዚያም ተገፋን። መጋቢያችን ታሰሩ። መምህር የነበረው ወንድም ኤልያስ፣ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ ታስሮ ጸጉሩን ተላጭቶ ከስቶ ወጣ፤ «ሁለተኛ ከተገኘህ አትወጣም» ብለው ነው የለቀቁት። አሁን ልጆቹ «አትፈሩም ነበር?» ይሉኛል። እንዴት አንፈራም! እኔ በበኩሌ ካኪ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ፈርተንም ግን መሰብሰባችንን አልተውንም።

የሰበሰቡን እትዬ በሻዱ ናቸው። የሁሩታ ገበሬ ልጅ፣ ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ሳቅ። አማርኛውን ያውቁታል፤ ነገሩ በጣም ሲጥማቸው ወይም በጣም ሲከፋቸው ግን ሳያስቡት ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። ባላቸው ጋሽ ደምሴ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ማተብ ካንገታቸው የማይለይ፣ ጾም የማይሽሩ ኦርቶዶክስ። ከእትዬ በሻዱ ጋር ያን ያህል ዘመን ኖረው «ኦሮምኛ አይገባኝም» ሲሉ ትንሽ አያፍሩም ነበር። ሚስታቸው ጴንጤ የሆኑ ጊዜ «ቤቴን አረከስሽው» ብለው አኮረፉ፤ ኩርፊያው እንዴት እንዳለቀ ሲጠየቁ «ረሃብ አስታረቀን፣ እኔ ሽሮ እንኳን መሥራት አልችልም» ይላሉ። ካስታረቃቸው በኋላ ለሚስታቸው እንዲህ አሏቸው አሉ፣ ሃይማኖትሽን አልወደውም፤ አንቺን የሚነካ ሰው ከመጣ ግን ዱላዬ ከበሩ ኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በራቸው ለኛ ተከፈተ።

የዚያ ቤት አሠራር እንዲህ ነበር። የኔ የስፌት መኪና እዚያ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ፤ «ዘነቡ ልብስ ሰፊዋ እትዬ በሻዱ ቤት ተከራይታለች» ተባለ። ሴቶቹ ጨርቅ ብብታቸው ሥር አድርገው አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ። ወንዶቹ የሚጠገን ሱሪ ይዘው ይመጣሉ፤ የወንድም ኤልያስ አንድ ግራጫ ሱሪ ስንት ጊዜ «እንደተጠገነ» ጌታ ይወቀው። ጫማ ደጅ አይታይም፣ ሁሉም አውልቆ አልጋ ሥር ይከታል። ሰው ከሞላ በኋላ እኔ መኪናው ላይ እቀመጥና በእግሬ ማሽከርከር እጀምራለሁ፣ ክርም የለበት፣ ጨርቅም የለበት። ባዶውን። ከዚያ መዝሙሩ በትንፋሽ ይነሣል። በትንፋሽ መዘመር ማንሾካሾክ አይደለም፤ አፍ ይከፈታል፣ ደረት ይነፋል፣ የአንገት ሥር ይገተራል፣ ድምፁ ብቻ አይወጣም። ጭብጨባውም መዳፍ መዳፍን ሊነካ ሲል ይመለሳል። መንፈሱ ሲወርድ እልል ማለት የፈለገች ሴት ነጠላዋን ትነክሳለች። እኔ ሲደክመኝ መዝሙሩ ይጎተታል፣ ስበረታ ይፈጥናል፤ እንዲያው ሳላውቀው የመዘምራን መሪ ሆኜ ነበር።

ጋሽ ደምሴ አብረውን አይገቡም። ደጅ ኒም ዛፉ ሥር በትልልቅ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮናቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ዳማቸውን በቆርኪ ደርድረው ይቀመጣሉ። ራዲዮው የሰልፍ ዘፈኑን ያንባርቃል፣ እሳቸው ከመጣ ከሄደው ጋር ይጫወታሉ። የማይታወቅ ሰው ወደ አጥሩ ከቀረበ «በላሁህ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ብቻቸውን እየተጫወቱም ቢሆን። ያኔ እኛ ጸጥ፣ እኔ እውነተኛ ጨርቅ መኪናው ሥር እከታለሁ። ሰውየው ሲያልፍ ደግሞ እንቀጥላለን። ይህ ኑሮ ከሥጋችን ጋር ተዋሐደ። አንድ ጊዜማ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉ ሰው ለሊቀመንበሩ ሲያጨበጭብ የኛዎቹ መዳፍ ሳይነካካ ይመለሳል፤ «እናንተ ጭብጨባችሁ ለምንድን ነው የማይሰማው?» ተብለን በሰው ፊት ተገሠጽን። አሻጥር መሰላቸው፣ ልማድ ነበር።

እትዬ በሻዱ ያወጡት መዝሙር ነበራቸው። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ከሁሩታ ወደ ናዝሬት ገበያ ሲመጡ አዋሽ ሞልቶ ሊወስዳቸው ሲል መትረፋቸውን የሚያስታውስ ነው፤ «አዋሽ ሞልቶ ሳለ፣ እጄን የያዘኝ» እያለ ይሄዳል። ስንኙ አማርኛ፣ አዝማቹ ኦሮምኛ፣ «ገለታ ዋቃዮፍ»፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር ማለት ነው። ሰው ያቀናው ዜማ አይመስልም፤ ከመሬት እንደሚፈልቀው የሶደሬ ውኃ ሙቀቱን ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ ግን ዓመታት በትንፋሽ ዘምሬው በድምፅ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ከራሳቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ ታመሙ። ሕመሙ ረጅም ነበር፤ ሰፊው ደረት ሟሟ፣ ሳቁ ብቻ ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ጥግ ላይ ራዲዮ የሚጠግኑ መስለው ተጎንብሰዋል። እትዬ በሻዱ እጄን ያዙኝና አይናቸውን ከኔ ወደ ባላቸው እያመላለሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ዘነቡ፣ እኔ ስሞት በትንፋሽ እንዳትሸኙኝ። በሕይወቴ እንደ ሌባ ነው የዘመርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሰው በድምፅ ዘምሩልኝ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ጋሽ ደምሴ ቀና አላሉም፣ ግን እጃቸው ሥራውን አቁሞ ነበር። አደራውን ለሌሎቹ ነገርኳቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዳችን የምናስበው እሱኑ ሆነ። ብንዘምር እስር ነው፣ ለወንድም ኤልያስ ደግሞ መውጫ የሌለው እስር። ባንዘምር የሟች አደራ ነው። አደራ የበላ ምን ሊባል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

ያረፉ ዕለት ሌላ ፈተና መጣ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ለጋሽ ደምሴ አዝነው ነው የመጡት፣ ክፋት አልነበራቸውም። ጋሽ ደምሴ ለሁለቱም ብለው በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የመቃብር ቦታ አስቀድመው ይዘው ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚሉት፣ ቄሱ ጋ ሄደው በመጨረሻዋ ሰዓት ተመልሳለች ይበሉ፣ እኛም እንመሰክራለን፤ ጴንጤዎቹ አይድረሱባት እንጂ በክብር ከጎንዎ ታርፋለች ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ጋሽ ደምሴ አፍንጫቸውን በጋቢ ጠረጉና «በሕይወቷ ዋሽቻት አላውቅም፣ ሬሳዋ ላይ አልዋሽም» አሏቸው። እንግዲህ ለዘላለም ተለያይተው መቀበራቸው ነው። አምርረው አለቀሱ፣ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። እኔ እኚያን ሰውዬ እንደ አባቴ የወደድኳቸው ያን ጊዜ ነው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ለገሠ ሰው አልነበረም ማለት አልችልም፤ እትዬ በሻዱ ቤት ከአንዴም ሁለቴ በልቶ ያውቃል። የጸሎት ቤታችንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ፣ ቅበሩ፣ መሬቱ የሰፊው ሕዝብ ነው፤ መዝሙር የሚባል ነገር ከተሰማ ግን የቀበራችሁትን ሁሉ አስራለሁ፣ የጀመረውንም ወደ ላይ አስተላልፋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎችም መደበልን። እኛ ቀድመን ተመካክረናል፤ እንዘምራለን ብለናል። ወንድም ኤልያስን ብትቀር ይሻላል ብንለው እንጀራቸውን ያበሉኝን ሳልሸኝ ቀርቼ ልኖር ነው ወይ ብሎ እንቢ አለ። ዕድሩ ድንኳኑን ስለከለከለ እስላም ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ተከሉ፤ ሳጥኑንም ባለጋሪው አህመድ በጋሪው ጫነው፣ ፈረሱን በልጓም ይዞ በእግሩ እየሄደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር ያለበት ሜዳ ደረስን። ነፋሱ አቧራውን ያስነሣል። ወንድም ኤልያስ ባጭሩ ጸለየ፣ ሳጥኑ ወረደ። ጊዜው ያ ነበር።

ተያየን። አፋችንን ከፈትን። ደረታችንን ነፋን፣ አንገታችን ተገተረ፣ እና መዝሙሩ በትንፋሽ ወጣ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ፈርተን አልነበረም! እስሩን ቆርጠን ነው የመጣነው። ድምፁ እምቢ አለ እንጂ። ያን ሁሉ ዓመት ተመለስ ያልነው ድምፅ ና ስንለው የት ይምጣ? መዳፋችን ሳይነካካ ይመለሳል፤ እኔማ ቁልቁል ሳይ ቀኝ እግሬ አፈሩን እየረገጠ ባዶ መኪና ያሽከረክራል። የሁለቱ ጠባቂዎች ፊት ግር እንዳለው አየሁ፤ የሚሰማ ነገር ስለሌለ የሚያስቆሙትም አልነበራቸውም። እናልቅስ ወይስ እንሳቅ? አደራቸውን በላን አልኩ በልቤ፣ አለቀ።

ጋሽ ደምሴ ከጉድጓዱ ማዶ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ጊዜ ወደኛ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሳጥኑ ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸው ተቆጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሚስቴ ምን አለቻችሁ?»

መልስ ሳይጠብቁ ዱላቸውን አፈሩ ላይ ተክለው ጀመሩት። «አዋሽ ሞልቶ ሳለ…» በጥሩ ድምፅ እንዳይመስላችሁ! የቡልጋ ሽለላ ነው፣ ድምፁ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል። ግን ከፍ ያለ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ኒም ዛፉ ሥር ራዲዮ ከፍተው የተቀመጡ ሰውዬ በዚያ ሁሉ የሰልፍ ዘፈን መሃል የሚሰሙት ሌላ ነገር ኖሯል ለካ። አንድ ስንኝ እንደወጣላቸው መጀመሪያ የአንዲት ሴት፣ ከዚያ የወንድም ኤልያስ፣ ከዚያ የኔ ጉሮሮ ተከፈተ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ፣ ወፍሮ ነበር። ያን ዜማ በድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ እልል አልኩ፣ ነጠላዬን አልነከስኩም። ጠባቂዎቹ መጡብን፣ እኛ ግን ሁለተኛውን ስንኝ ጀምረን ነበር፤ አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ከተማው ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰማን።

ይዘውን የሄዱት እንግዲህ ወደ ቀበሌው ነው። እኛን ትንሿ ክፍል ከተው ቆለፉ፤ ያቺ ሕፃናት ቁጭ ብለው ጥቅስ የሚያጠኑባት ክፍል። ጋሽ ደምሴን ግን ወደ አዳራሹ ወሰዷቸው፣ ጓድ ለገሠ ጠረጴዛ ፊት። ግድግዳው በእግራችን ያቦካነው ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማናል። ጓድ ለገሠ በመጀመሪያ በትሕትና ነበር የሚናገረው። እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፣ የማርያም ሰው ነዎት፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ፤ ማን እንደጀመረው ብቻ ይንገሩኝ አላቸው። ጋሽ ደምሴ እኔ ነኝ አሉ። አላመነም፤ ጠባቂዎቹ መጀመሪያ መዝሙሩ አልተሰማንም፣ ኋላ ሁሉም ባንዴ ጮኹ ብለውታል። «ማተብ ያሰረ ሰው የጴንጤ መዝሙር ከየት ያውቃል? ያ መምህር ነው፣ እሱን ነው የሚሸፍኑት» አለ። ወንድም ኤልያስ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጓድ ለገሠ ወረቀት ሲስብ ሰማን። አሁን ይጽፈዋል አልን፤ ልጁ አለቀለት።

«ካላመንከኝ ስማ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ወንበሩ ተንቋቋ፣ ተነሡ። ከዚያ ያ የሚያለከልክ የቡልጋ ድምፅ ያንኑ ከመነሻው አነሣው። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ መዝሙር ያልሰማው ጣሪያ፣ መድረካችን በነበረበት ቦታ፣ ማተብ ካሰረ አንገት ሰማ። አንዱን ስንኝ ጨረሱ፣ ሁለተኛውን ጀመሩ። አንድም ቃል አልዘለሉም። እኛ ውስጥ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ወንድም ኤልያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ሁለተኛው ስንኝ ሊያልቅ ሲል የጓድ ለገሠ ድምፅ ተሰማ፣ ቁጣው ሁሉ ወጥቶለት።

«ይበቃል ጋሽ ደምሴ፣ አምኛለሁ፣ ይበቃል።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣» አሉት፣ «አዝማቹ ገና ነው።»

እና እኚያ ኦሮምኛ አይገባኝም ሲሉ የኖሩ ሰውዬ «ገለታ ዋቃዮፍ» ብለው ሚስታቸው እንደሚሉት አድርገው አወረዱት፤ እኛም ከትንሿ ክፍል ውስጥ ተቀበልናቸው፣ በድምፅ።